ስድስት መቶ ጥይት ለቅዳሜ

«ዝናቡ ጠብ ሳይል ቀረ፣ ዊልመር። ደመናው እላያችን ላይ ሲያንዣብብ አርፍዶ ወደ ሚኔሶታ አለፈ። ይሁን፣ ለእነሱ ያርግላቸው... አኩሪ አተሩ እንደሆነ ደርቋል፤ ሰኞ እገባበታለሁ። ያንተ ማጨጃስ? ቀበቶው መጣ? ... ኧረ ተቀመጥ! ሰንሰለቱን እዚያው ጣለው። ያችን ባልዲ ገልብጥና ተቀመጥባት። ፔርሙሱ ውስጥ ቡና አለ። ቀዝቅዟል፤ ግን አለ።»

ትሬንት በእጁ የያዘውን ጥይት ሳያስቀምጥ ቆመ። ኦሪን ቶሌፍሰን ይህን ያህል ሲናገር ሰምቶ አያውቅም። የሽማግሌውን ልጅ ጃኔልን ካጨ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ሽማግሌው የነገረው ሁሉ ተሰብስቦ ቢጻፍ የአንድ ፖስታ ጀርባ አይሞላም። ቀኑን ሙሉ ሦስት ቃል ተናግሮ የሚውል ሰው ነው። ዛሬ ግን ጎረቤቱ ዊልመር ሃውክ የተዋሰውን ሰንሰለት ሊመልስ ወደ እርሻ መሣሪያ መጋዘኑ ብቅ ቢል፣ ይዞ አስቀመጠው።

ትሬንት ከእነሱ ስድስት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ጠረጴዛው ላይ ጥይት በየሳጥኑ ይደረድር ነበር። በእሱ ቆጠራ ስድስት መቶ ናቸው። ሁሉንም የሞላቸው እሱ ነው። ነገ ቅዳሜ ጃኔል በክፍለ ግዛቱ የሽጉጥ ውድድር ላይ ትተኩሳቸዋለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ስትመለስ ሳጥኖቹን በመኪናዋ ጭና ውድድሩ ወዳለበት ከተማ ትነሣለች። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው።

«ልጅቷ ነገ ውድድር አለባት። ሰምተሃል መሰለኝ... ሽጉጧን አይተህ ታውቃለህ? አፈሙዙ ላይ ባለ ቀዳዳ ብረት ተጨምሮበታል። ስትተኩስ ጋዙ በቀዳዳዎቹ ወደ ላይ ይወጣና ሽጉጡን ቁልቁል ይጫነዋል፤ አይዘልልም። ይህ እንዲሆን ብዙ ጋዝ ይፈልጋል። ብዙ ጋዝ ደግሞ ብዙ ባሩድ ነው። የሱቅ ጥይት አይበቃውም። ዳኞቹም ቀላል ሰዎች አይደሉም፤ ከየተወዳዳሪው ጥቂት ጥይት ወስደው ፍጥነቱን ይለካሉ። ደከም ያለ እንደሆነ ነጥብ ይቆርጣሉ። ስለዚህ ጥይቱ ቤት ውስጥ፣ በልክ፣ እየታየ መሞላት አለበት። ድሮ እሷና እኔ ነበርን የምንሞላው። ክረምት ላይ፣ በረዶው በር ሲዘጋብን። በሰዓት መቶ ከሞላን ጎበዝ ነን እንል ነበር... አይ አለማወቅ!

«አሁን ሊቅ መጥቷል። አንድ የማውቀው ሰው ነው። ስሙን ተወው። ብታውቀውም እንዳላወቅህ ሁን። በሰዓት ስንት የሚሞላ ይመስልሃል? ስምንት መቶ! ስምንት መቶ፣ ዊልመር። እኔ በሰዓት ስምንት መቶ ጊዜ መተንፈሴንም እንጃ።

«የሚገርመው ደግሞ ይህን ሁሉ የሚሠራው ማሽኑን ሳያይ ነው። እያስተማረ ነዋ! ስልኩን ከፊቱ ይተክላል፣ መብራቱን ያበራል፣ ከዚያ ጥይት እንዴት እንደሚሞላ ለዓለም ይናገራል። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰው ይከታተለዋል አሉ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስድሳ ሰው ፊት ቆሜ የመዝሙር ቁጥር ማንበብ ያልበኛል። እሱ ፊቱን ለአንድ ሺህ አንድ መቶ ሰው፣ ጀርባውን ለባሩዱ ሰጥቶ ይሠራል። እንዲህ ያለ ጀርባ ለሁሉም ሰው ይሰጠዋል?»

ትሬንት አንድ ጥይት ወደ ሳጥኑ ሊከት ሲል አዳለጠውና ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ያዘው። ማንም አላየውም፤ ወይም ያየ ሰው አላሳየም። ዊልመር ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቀዝቃዛውን ቡና ያያል። በዚህ አካባቢ ሰው የሰው ቤት ጉዳይ ሲሰማ የሚያየው ነገር ይፈልጋል።

«ሳጥኖቹንስ ብታይ! በእያንዳንዱ ክዳን ላይ ስሙን በወርቅማ ቀለም አሳትሞ ለጥፎበታል። የንስር ክንፍ ሁሉ አለው። እኔ አርባ አንድ ዓመት በቆሎ ሳመርት አንዲት ፍሬ ላይ ስሜን ጽፌ አላውቅም። እሱ ግን በሥራው አያፍርም። ደግሞ መልካም ነው... አንድ ነገር ቢፈጠር እኮ፣ የማን ሥራ ነው ብሎ የሚቸገር ሰው አይኖርም።

«ማሽኑን ልንገርህ፣ አንተ ብልሃት ትወዳለህ። ክብ ሳህን አለው። እጀታውን አንዴ ስትጎትት ሳህኑ አንድ ደረጃ ይዞራል። አንዱ ቦታ ላይ ቀለሁ ውስጥ ባሩድ ይወርዳል፣ ሌላው ቦታ ላይ አረሩ ከላይ ይቀመጥና ይዘጋል። በሁለቱ መካከል ደግሞ አንዲት ጠባቂ አለች። ቀለሁ ውስጥ ገብታ ባሩዱን ትነካዋለች። ባሩድ ካጣች ትጮሃለች። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው። የእኔ የዘር መዝሪያም እንደዚያ ያለች አለችው፤ አንዱ መስመር ዘር መጣል ሲያቆም ትጮሃለች። ሠላሳ ዓመት ጮኻብኛለች። በሙቀት ጮኻብኛለች፣ ራሴን ሲያመኝ ጮኻብኛለች። አንድ ቀን እንኳ ዝም በይ ብዬያት አላውቅም። ምክንያቱም እኔ ያልተማርኩ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ሳልጨርስ ትራክተር ላይ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሚጮህብኝ ነገር ያስፈልገኛል።

«ለሊቅ ግን ምን ያደርግለታል? ጩኸቷ ትምህርቱን ያበላሽበታል። 'ጢጥ' ባለች ቁጥር ተመልካቹ ይረበሻል። እና ሰውየው ምን አደረገ... ባትሪዋን አወጣው። እንዲያው አልጣለውም ደግሞ፤ ለካሜራው መብራት አዋለው። ቁጠባ ያውቃል። እኔ ዘሩ ቢቀርብኝ ሰኔ ላይ አንድ ባዶ መስመር አያለሁ፤ አንተም በመኪና ስታልፍ አይተህ ትስቅብኛለህ፣ ነገሩ ያልቃል። እሱ ጋ ቢቀርስ? ... ተወው፣ እሱ ጋ አይቀርም።»

የትሬንት ጆሮ ጋለ። ባትሪው! ሽማግሌው ይህን መቼ አየ? መጋዘኑ ውስጥ ሲገባም ሲወጣም ከዘይት ጣሳው በቀር ወዴትም የሚያይ አይመስልም ነበር።

ከባትሪው የባሰ ግን ሌላ ነገር ነበር። ማክሰኞ ዕለት፣ እየተቀረጸ ሳለ፣ አንድ ቀለህ ተወላግዶ ሳህኑን አስቆመው። ትሬንት ፈገግታውን ሳያጥፍ ሳህኑን በእጁ ወደ ኋላ አዞረ፣ ወደ ፊት አዞረ፣ ቀለሁን አቃንቶ ቀጠለ። ያኔ አንድ ሐሳብ ሽው ብሎበት ነበር፤ ያኔ ከባሩድ መውረጃው ሥር የነበረችው ቀለህ ባሩድ ገብቶባታል ወይስ ሳይገባባት አልፋለች? ገብቶባታል አለ። ገብቶባት መሆን አለበት። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰው እያየው ቆሞ ሊመረምር ነው? ያቺ ጥይት ከሌሎቹ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አስታውሷታል፤ በየቀኑም ረስቷታል።

«አንድ ቀን ሲያስተምር ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰማሁት። ምን አለ መሰለህ? 'በዚህ ጥይት ትርፍ ባሩድ ሊገባ አይችልም፤ ቀለሁ እስከ አፉ ስለሚሞላ ትርፉ ይፈስሳል፣ ዓይናችሁ ያየዋል' አለ። እውነቱን ነው! ይህን ስሰማ እንዴት እንደረካሁ። እንግዲያው ትርፍ አይገባም... ጨርሶ አለመግባትስ? ይህን አልጠየቅሁትም። የስምንተኛ ክፍል ሰው እንዲህ ያለ ነገር መምህርን ይጠይቃል? ነውር ነው።

«ግን ላንተ ልንገርህ፣ አንተ ሰው አታስተምርም። ባሩድ የሌለው ጥይት አይጮህም። 'ጢፍ' ይላል። ከሥሩ ያለችው መለኮሻ ብቻዋን አረሩን ትገፋውና በርሜሉ መካከል ላይ ትሰነቅረዋለች። ሽጉጡ ይቆማል። እኔና አንተ ብንሆን አብረነው እንቆም ነበር፤ ምን ነካው ብለን እናየዋለን። እሷ ግን ስምንት ዓመት የሠለጠነች ናት። ሽጉጡ ሲቆምባት አታስብም። ወደ ኋላ ስባ ለቀቅ ታደርገዋለች፣ አዲስ ጥይት ይገባል፣ ትቀጥላለች። ሁሉም ነገር አንድ ሰኮንድ አይሞላም። ሕዝቡ የሚያጨበጭብላት ለዚህ ነው። ዳኛው 'ቁሚ' ሊል አፉን ሲከፍት እሷ ተኩሳለች። እና ያ ሁለተኛው ጥይት... እሱ እንኳ አይታማም። እስከ አፉ የተሞላ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሲያገኘው ታዲያ በየት በኩል ይውጣ? ከፊቷ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው እኮ።»

ዊልመር ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንሥቶ ወደ ሌላው ጉልበቱ አዛወረው።

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ ከሳጥኖቹ አጠገብ፣ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ ትንሽ ሚዛን ነበር። ትሬንት አየው። ሁሉም ቀለሆች ከአንድ ፋብሪካ ስለሆኑ ባሩድ የሌላት ጥይት ሚዛን ላይ ቀልላ ትታወቃለች። አንድ በአንድ ቢመዝን ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ሁለት ሰዓት ደግሞ አለ። ጨርቁን ማንሳት ብቻ ነው። ጨርቁን ካነሳ ግን ዊልመር ያያል፤ ዊልመር ካየ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ ክዳኖቹን መግጠም ጀመረ። አንዱን ገጠመ። ሁለተኛውን ገጠመ።

«እኔ አንድ ጊዜ፣ ሚስቴ በሕይወት ሳለች፣ የእህል ጎተራውን መሰላል ስጠግን አንዱን ቡሎን ሳላጠብቅ ወጣሁ። እራት ላይ ትዝ አለኝ። ትዝ ያለኝ ግን እሷ 'ጎተራውን ላየው ነው' ብላ ከተነሣች በኋላ ነው። ሮጬ ወጣሁ። መሰላሉን ይዛ አንድ እግሯን አንሥታለች። 'ቁሚ፣ ረስቼዋለሁ' አልኳት። ሁለት ቃል ናት። ለእኔ እንኳ፣ ቃል ለሚከብደኝ ሰው፣ ከበደችኝ ማለት አልችልም። ከዚያማ ምን ልበልህ፣ ሁለት ሳምንት ሳቀችብኝ። ለእህቶቿ ሁሉ ነገረች። ለቄሱ ሳይቀር ነገረች! ... ግን የሳቀችው መሬት ላይ ቆማ ነው፣ ዊልመር። መሬት ላይ ቆማ ነው።

«አየህ፣ እኔን የመሰለ ተራ ሰው ሲረሳ ረሳሁ ይላል። ብዙ የሚከስረው ነገር የለውማ። ስመ ጥር ሰው ግን እንዲህ ካለ በኋላ ምን ይሆናል? አንድ ሺህ አንድ መቶው ሰው ምን ይለዋል? ንስሩስ? ክንፉ ሊታጠፍ አይደል? ይታዘንለታል እንጂ አይፈረድበትም።»

ሦስተኛው ክዳን አልገጥም አለ። ትሬንት በመዳፉ ተጫነው። 'ረስቼዋለሁ' የምትለዋ ቃል ምላሱ ላይ መጥታ ነበር። አሁን ቢናገራት ሽማግሌው ምናልባት ራሱን ነቅንቆ ዝም ይል ይሆናል፤ ምናልባትም አብሮት ተቀምጦ ይመዝን ይሆናል። ቃሏን ዋጣትና ክዳኑን ገጠመ።

«እኔ ደግሞ እርጅና መጥቶ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ረቡዕ ጠዋት ከብቶቹን ሳላበላ እዚህ ገባሁ። ያ ሰው አንድ ሳጥን ክፍት ትቶ ሄዷል። መቶ ጥይት። እጄ ሥራ ሲፈታ አይወድም፤ ሚዛኑን አወጣሁና እንዲያው ለጨዋታ አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው። እንዴት ያለ ሥራ ነው! አንዱ ከአንዱ አይለይም፣ ከአንድ እናት የወጡ ነው የሚመስሉት። ሠላሳ... አርባ... ሃምሳ... ሰባ ሦስተኛዋ ላይ ሚዛኑ ቅር አለው። ቀለል አለች። እንደገና አስቀመጥኳት። እንደገና ቀለለች። በጆሮዬ አጠገብ ነቀነቅኳት፤ ዝም አለች። ሙሉዋንም ነቀነቅኩ፤ እሷም ዝም አለች። ዝምታቸው እንኳ አንድ ነው።

«መዶሻ የመሰለች መፍቻ አለችን። ጥይቷን ውስጧ ከተትኩና ሁለቴ መታሁ። አረሩ ወጣ። ከዚያ ባሩዱ እንዳይፈስስብኝ ሳህን አቀረብኩ... እንዲያው ልማድ ነው። ሳህኑ አሁንም ንጹሕ ነው።

«የቀሩትን አምስት መቶ ልመዝናቸው አሰብኩ። ኋላ ግን አይሆንም አልኩ። የሰው ሥራ ነው፤ ስሙም አለበት። ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው ሰው ሳለ እኔ ምን ቤት ነኝ? ሚዛኑን እዚያው በግልጽ ቦታ አስቀመጥኩለት። ረቡዕ ነው። ሐሙስ አለ... ሐሙስ አለፈ። ዛሬ ዓርብ ነው። ጨርቁ እኔ እንዳለበስኩት ነው። ምናልባት አላየው ይሆናል። ቀይ ጨርቅ ነው እንጂ፣ ቢጫ ባደርገው ኖሮ...»

ሽማግሌው ዝም አለ። ለዓመታት የሚያውቀው ዝምታ ወደ መጋዘኑ ተመልሶ ገባ፤ ትሬንት ዝምታውን ከንግግሩ ይልቅ ፈራው። ዊልመር ቡናውን አልጠጣም፣ አልደፋም። አንዱም ወደ ጠረጴዛው ዞሮ አላየም። ሁለቱም በሩን፣ ከበሩ ባሻገር ያለውን የደረቀ አኩሪ አተር ያያሉ። እንዲህ ሆነው ብዙ ቆዩ። ይህ ዝምታ ለእሱ የተተወ ቦታ እንደሆነ ትሬንት ገባው። ስድስተኛው ክዳን በእጁ ላይ ነበር። ገጠመው።

የጃኔል መኪና በጠጠሩ ላይ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ቀድማ መጥታለች። መኪናዋን ወደ ኋላ አስጠግታ ወረደች፤ በምትሠራበት የከብት ሐኪም ቤት የምትለብሰው የሥራ ልብስ ገና ከላይዋ አልወለቀም። ለዊልመር ራሷን ነቀነቀችለት፣ የአባቷን ትከሻ ነካ አደረገች፣ የመኪናውን የኋላ ክዳን ከፈተችና ለትሬንት ሳቀችለት።

ትሬንት ስድስቱን ሳጥኖች አንድ ላይ ታቅፎ ወደ እሷ ተራመደ። የንስሮቹ ክንፎች ደረቱ ላይ ተደርድረዋል። እሱም ሳቀላት።

ኦሪን ከደረት ኪሱ አንድ ቀለህና አንድ አረር አወጣ።

«ዊልመር፣ ዓይኔ ደክሟል፤ እስቲ ይህችን ገልብጥልኝ። ያ የነገርኩህ ሰው የሞላት ናት። የሚወርድ ነገር አለባት?»

ዊልመር ቀለሁን ተቀብሎ በሰፊ መዳፉ ላይ ገለበጣት። መታ መታ አደረጋት። ምንም አልወረደም።

ጃኔል መዳፉን አየች። አረሩን አየች። ከዚያ ትሬንት የታቀፋቸውን ሳጥኖች፣ በክዳናቸው ላይ ያለውን ስም አየች። ስምንት ዓመት በሥራው ውስጥ የኖረች ናት፤ የሚያስረዳት ሰው አላስፈለጋትም። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ወረደ። የመኪናውን ክዳን ዘጋች። ሳጥኖቹን ከትሬንት እቅፍ ወሰደች፣ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፣ ቀዩን ጨርቅ ገፍፋ ወንበር ሳበች። ክዳን ተከፈተ። የመጀመሪያዋ ጥይት ስትቀመጥ ሚዛኑ 'ጢጥ' ብሎ ክብደቷን አሳየ። ቀጥሎ ሁለተኛዋ። ጀርባዋን ለሁሉም ሰጥታለች።

ትሬንት ክንዶቹን ሳጥን እንደታቀፈ ሰው አድርጎ፣ ባዶውን፣ መጋዘኑ መካከል ቆሞ ቀረ።

ኦሪን ከተቀመጠበት ተነሥቶ ዊልመርን ሊሸኝ እስከ በሩ ሄደ። እዚያ ቆም ብሎ ባርኔጣውን ደፋ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ዝቅም አላደረገም።

«እንግዲህ ደህና ዋል፣ ዊልመር። ማታ ስትጸልይ ያን የነገርኩህን ሰው እንዳትረሳብኝ። እኔም አልረሳውም፤ ክፉ አልመኝለትም። እግዚአብሔር ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ዓይኑ ሳይደክም፣ አሥሩም ጣቶቹ እንደተሟሉ ይሸምግል። በአሥሩም የልጅ ልጆቹን ይዳብስ... ደግሞም ይሰጠዋል፣ አልጠራጠርም። የሞላውን የምትተኩስለት ሰው እስካላጣ ድረስ፣ እሱን ምን ያገኘዋል?»